የራስን የጉዞ ካርታ በኢንተርኔት መሥራትና ማጋራት፦ ከጅማ ተነሥተው ለሚጓዙና ወደ ጅማ ለሚመጡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ ወይም ከባሕር ማዶ ዘመድና ወዳጅ የሚመጣባቸው የጅማ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም ተማሪዎቻቸውን ይዘው ለጉብኝት የሚወጡ መምህራን፣ የራስን ካርታ ስለ መሥራት የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ናቸው። መልሶቹ በተጨባጭ መስመር ላይ እንዲያርፉ ሲባል፣ እንግዶችን በመኪና ይዞ ከጅማ ከተማ ወደ ጅሬን፣ ከዚያ ወደ አጋሮና ጮጬ፣ በኋላም በበለጠ ደን በኩል ወደ ቦንጋ የሚደረግ ጉዞ በምሳሌነት ተወስዷል።

ጉግል ማፕስ እያለ የራሴን ካርታ መሥራት ለምን ያስፈልገኛል?

ተራው ካርታ የሚያውቀው ቦታው የት እንዳለ ነው። እንግዳዎ በየትኛው ቀን ቢሄድ እንደሚሻለው፣ ከየት ተነሥቶ በምን እንደሚደርስ፣ ከዚያስ ወዴት ቢያልፍ ጊዜ እንደሚተርፈው አያውቅም፤ ይህን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ንጉሥ ያሠሩት ይህ ቤተ መንግሥት በጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ከከተማው መሀል 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፤ የንጉሡ መገልገያ ዕቃዎች ግን ከተማው ውስጥ ባለው ሙዚየም ይታያሉ። በፍለጋ ብቻ የሚሄድ እንግዳ አንደኛውን አይቶ ሌላውን ሳያይ ይመለሳል። በእርስዎ ካርታ ላይ ግን ሁለቱ ነጥቦች በአንድ ቀለም፣ በአንድ ግማሽ ቀን ውስጥ፣ የትኛው መቅደም እንዳለበት ከሚገልጽ ማስታወሻ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የዚህ ሥራ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የአገሩን ሰው ዕውቀት መንገደኛው ስልክ ውስጥ ማስገባት።

ከየትኛው መሣሪያ ልጀምር?

ኮምፒውተር ለሚያገኝ ሰው ጉግል ማይ ማፕስ ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረ አገልግሎት ሲሆን የጉግል አካውንት ያለው ሁሉ በነፃ ይጠቀምበታል፤ ነጥብ ማስቀመጥ፣ መስመር መሳል፣ የአንድን አካባቢ ወሰን ማስመር፣ ፎቶና ማስታወሻ ማያያዝ ይቻላል፤ የተሠራው ካርታም በጉግል ድራይቭ ውስጥ ይቀመጣል።

ከጉግል ውጭ መሥራት የሚፈልግ ሰው ዩማፕን ይሞክር። ዩማፕ ማንም ሰው ሊያርመው በሚችለው የዓለም ካርታ፣ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የተመሠረተ ነፃ መሣሪያ ነው፤ አካውንት ሳይከፍቱም ካርታ መሥራት ያስችላል። ሆኖም ያለ አካውንት የተሠራ ካርታ በኋላ የሚታረመው ለባለቤቱ በሚሰጠው የማረሚያ ሊንክ ስለሆነ፣ ሊንኩን በጥንቃቄ ማስቀመጥ የግድ ነው።

መስመርም ሌየርም (ነጥቦች በቡድን የሚቀመጡበትና ለብቻው የሚከፈትና የሚዘጋ የካርታ ንብርብር) ሳያስፈልግዎ ጥቂት ቦታዎችን መዝግበው መላክ ብቻ ከሆነ የፈለጉት፣ በስልክዎ ላይ ያለው የጉግል ማፕስ የቦታዎች ዝርዝር ይበቃል። የአንድ ቀን የከተማ ጉብኝት ከዚያ በላይ አይጠይቅም።

ኮምፒውተር የለኝም። በስልክ ብቻ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ አካሄዱ ግን ይለያል። የማይ ማፕስ የአንድሮይድ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ስለተዘጋ፣ ዛሬ በስልክ ማይ ማፕስ መሥራት ማለት ብሮውዘር ከፍቶ በጠባብ ስክሪን ላይ መታገል ነው፤ አልመክርም። ከዚህ ይልቅ ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ጫኑ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ማስታወቂያም የለውም። ቦታውን ተጭነው ያስቀምጣሉ፣ ስም ይሰጡታል፣ በዝርዝር ይመድቡታል፣ ሲጨርሱም ዝርዝሩን በሙሉ እንደ አንድ ፋይል በቴሌግራም ይልካሉ። ተቀባዩ ያው መተግበሪያ ካለው ፋይሉን ሲነካው ነጥቦቹ ስልኩ ላይ ይገባሉ።

የጓደኛ ኮምፒውተር ወይም ኢንተርኔት ቤት የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ነጥቦቹን አስቀድመው በወረቀት ወይም በስልክ ማስታወሻ ቢያዘጋጁ ካርታው በአጭር ጊዜ ያልቃል። ሲወጡ ከአካውንትዎ መውጣትዎን ያረጋግጡ።

የመጀመሪያውን ካርታ እንዴት ላዋቅረው?

ማይ ማፕስን ከፍተው አዲስ ካርታ ሲጀምሩ ስም የሌለው ካርታና አንድ ባዶ ሌየር ያገኛሉ። ከሁሉ በፊት ስም ይስጡት፤ ስሙ መስመሩንና ወቅቱን ቢይዝ ይመረጣል፣ «ከጅማ እስከ ቦንጋ፣ የኅዳር ጉዞ» እንደ ማለት። እንግዳው ስልክ ላይ ብዙ ካርታ ሊኖር ስለሚችል «የእኔ ካርታ» የሚል ስም ለማንም አይረዳም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሌየሮቹን በምን እንከፋፍል የሚለው ነው። በአንድ ካርታ ላይ 10 ሌየር ብቻ ስለሚፈቀድ አስቦ መከፋፈል ያስፈልጋል። የተወሰነ ቀን ላለው ጉዞ በቀን መክፈል ይሻላል፤ መንገደኛው የዛሬውን ሌየር ብቻ ከፍቶ ሌላውን ሲዘጋ ካርታው ይቀልለታል። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ቀን ከተማው ነው፤ ሙዚየሙ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ የሂርማታ ገበያ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጅሬን። ሁለተኛው ቀን ወደ ምዕራብ፣ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው አጋሮና ወደ ጮጬ ነው። ሦስተኛው ቀን በሸቤ በኩል የበለጠን ደን አልፎ፣ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ቦንጋ መግባት ነው። ለማንኛውም ቀን የሚያገለግሉት ሆስፒታል፣ ነዳጅ ማደያ፣ ባንክና ማደሪያ የራሳቸው ሌየር ይኑራቸው፤ በመንገድ ላይ ድንገት የሚፈለጉት እነርሱ ናቸውና። ካርታው ዓመቱን ሙሉ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚሰጥ ከሆነ ግን በቀን መክፈሉ ስለማይጠቅም በዓይነት ይክፈሉት።

የመኪና መንገድ አቅጣጫ ሲጨምሩ ማይ ማፕስ ለብቻው አንድ ሌየር ይወስዳል፤ በአንዱ የአቅጣጫ ሌየር ውስጥም ከ10 በላይ ማረፊያ ነጥብ አይቀበልም። መካከለኛ ማረፊያው የበዛ ጉዞ ስለዚህ በቀን በቀን መከፋፈል አለበት። ነጥቦቹን ቀለም ሲሰጡ ከአራት ቀለም ባያልፉ መልካም ነው፤ ፀሐይ ላይ በስልክ ስክሪን ቀይና ብርቱካናማ መለየት ይከብዳል።

ቦታው በፍለጋ አይወጣም፤ የመንገድ ስምም የቤት ቁጥርም የለውም። ምን ላድርግ?

በእኛ አገር ከሁሉ የሚበዛው ችግር ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ መመለስ ይገባል። መጀመሪያ ስሙን በተለያየ አጻጻፍ ይፈልጉ፤ በአማርኛ ካልወጣ በቁቤ፣ በቁቤም ካልወጣ በቆየው የላቲን አጻጻፍ ይሞክሩ። ይህ ካልሠራ ካርታውን ወደ ሳተላይት ምስል ይቀይሩ። የጅማ ዙሪያ ዛፍ የበዛበት ስለሆነ ቤቶች በጥላ ሊሸፈኑ ይችላሉ፤ ድልድይ፣ የመንገድ መገንጠያ፣ የትምህርት ቤት ሜዳና ሰፊ የቆርቆሮ ጣሪያ ግን ይለያሉ። ከእነዚህ አንዱን ይዘው፣ በእግርዎ እንደሚሄዱ ሆነው መንገዱን በዓይን ቢከተሉ ከቦታው ይደርሳሉ።

በስፍራው መቆም ከቻሉ ግን ያ ይበልጣል። የስልኩ ጂፒኤስ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ጥቂት ጠብቀው፣ ያሉበትን የሚያሳየው ሰማያዊ ነጥብ ሲረጋ ጣትዎን በዚያ ላይ ጫን አድርገው ሲይዙ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ በቁጥር ይወጣል። ጅማ በ7.67 ሰሜን ኬክሮስና በ36.83 ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ናት። ከነጥቡ በኋላ ያሉት አሃዞች ብዛት ትርጉም አለው፤ ሁለት አሃዝ የሚጠቁመው 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አካባቢን ነው፣ አራት አሃዝ ወደ 11 ሜትር ያወርደዋል፣ አምስት አሃዝ ደግሞ ወደ 1 ሜትር። ስለዚህ ሰው «ቦታው 7.67 ላይ ነው» ብሎ ቢልክልዎ ያገኙት ሰፈሩን እንጂ ቤቱን አይደለም፤ ቀሪውን አሃዝ ይጠይቁት።

ረጅም ቁጥር በስልክ ለመንገር የሚያስቸግር ከሆነ ፕላስ ኮድ አለ። ጉግል ማፕስ ላይ ማንኛውንም ነጥብ ሲነኩ ከፊደላትና ከቁጥሮች የተሠራ፣ በመካከሉ የመደመር ምልክት ያለበት አጭር ኮድ ይወጣል፤ ሙሉው ኮድ 14 በ14 ሜትር ያህል የምትሆን ካሬ መሬትን ለይቶ ያመለክታል። ከከተማው ስም ጋር ሲጻፍ ኮዱ ያጥራል። የመንገድ ስም በሌለበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ አድራሻ ማለት ነው።

በየነጥቡ ማስታወሻ ላይ ምን ልጻፍ?

ካርታን ካርታ የሚያደርገው ይህ ክፍል ስለሆነ ችላ አይበሉት። ጥሩ ማስታወሻ መንገደኛው እዚያ ሲቆም የሚነሡበትን ጥያቄዎች ይመልሳል፤ የቦታውን ታሪክ በረጅሙ መጻፍ ግን ስልክ ላይ አይነበብም።

ሰዓት በሚጽፉበት ጊዜ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይግለጹ። መተግበሪያዎቹ የሚያሳዩት የመክፈቻ ሰዓት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ እርስዎ ደግሞ «3 ሰዓት» ብለው ከጻፉ ከባሕር ማዶ የመጣው የአጎትዎ ልጅ በሌሊት ሊመስለው ይችላል። «ጠዋት 3 ሰዓት በኢትዮጵያ፣ በአውሮፓውያን 9 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ጥርጣሬውን ያነሣል።

ቀኑም እንደ ሰዓቱ ነው። የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ሐሙስ ስለሆነ፣ የሂርማታን ገበያ ሞልቶ ማየት የሚፈልግ ሰው ሐሙስን ሊያውቅ ይገባል፤ በመኪና ማለፍ ብቻ የሚፈልግም እንዲሁ፣ ለመሸሽ ሲል። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ለጁምዓ ሶላት የሚዘጉ ሱቆች ብዙ ናቸው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ዓርብ የምሳ ሰዓታቸው ይረዝማል። በረመዳን ወር ቀን ላይ የሚከፈት ምግብ ቤት በቀላሉ ላይገኝ ስለሚችል፣ ያንን ጊዜ የሚያካትት ካርታ ሲያዘጋጁ የምግብ ቤቶቹን ነጥቦች እንደገና ይመልከቷቸው። የቡና ለቀማ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ቢመጣ ቀዩን እሸት ከነዛፉ ያገኛል፤ በሌላ ወር ከመጣ ግን የሚያየው ጫካውን ነው፤ ይህንንም መጻፍ ተገቢ ነው።

የቦታውን ስም በአማርኛም በቁቤም ይጻፉ። በመንገድ ዳር ያሉ ሰሌዳዎች በአፋን ኦሮሞ ስለሚጻፉ፣ እንግዳው ካርታው ላይ ያለውን ከሰሌዳው ጋር ማመሳከር መቻል አለበት። ከስሙ ቀጥሎ ሰው የሚያውቀውን ምልክት ይጥቀሱ፤ የባጃጅ ሹፌር ኮድ አይጠይቅም፣ ከየትኛው አደባባይ፣ ከየትኛው መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንደሆነ ነው የሚጠይቀው።

በመጨረሻው መስመር ማስታወሻው የተረጋገጠበትን ወርና ዓመት ያስፍሩ። አንድ ነጥብ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦ «አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ጅሬን። ከከተማ በባጃጅ ወይም በኮንትራት መኪና፤ የመጨረሻው መንገድ ዳገት ነው። ሙዚየሙን ጠዋት አይቶ ከሰዓት ወደዚህ መውጣት ይመረጣል። የመግቢያ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ይያዝ። የመመለሻውን መኪና ከመውጣትዎ በፊት ይነጋገሩ።» ከዚህ በታች ቀኑ ይገባል። አምስት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

የቡና መገኛ ጮጬ ናት ወይስ ማንኪራ? ካርታው ላይ የትኛውን ልጻፍ?

በጅማ ዞን የጎማዋ ጮጬም፣ በካፋ የምትገኘው ማንኪራም የቡና መነሻ ተብለው ይነገራሉ፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም ቦንጋ ላይ ነው። ጉዞው በሁለቱም በኩል የሚያልፍ ከሆነ ሁለቱንም ነጥቦች አስቀምጡና በየነጥቡ የአካባቢው ሰው የሚለውን ጻፉ። ካርታ ሠሪ ክርክሩን የመፍረድ ግዴታ የለበትም፤ እንግዳው ሁለቱንም ሰምቶ ቢሄድ ጉዞው ይበልጥ ይሞላል።

የቦታዎቼ ዝርዝር በኤክሴል ተጽፏል። እንደገና አንድ በአንድ ማስገባት አለብኝ?

የለብዎትም። ማይ ማፕስ የኤክሴል፣ የጉግል ሺትስ፣ የሲኤስቪ (ሠንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚይዝ)፣ እንዲሁም የካርታ ነጥብና መስመር የሚይዙትን የኬኤምኤልና የጂፒኤክስ ፋይሎችን ይቀበላል፤ በአንድ ሌየር እስከ 2,000 ረድፍ ድረስ ማስገባት ይቻላል። ሠንጠረዡ ውስጥ ስም፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ማስታወሻ የየራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው። የቦታ ስም ብቻ ሰጥቶ መሣሪያው ራሱ እንዲፈልገው መተው ለእኛ አካባቢ አይሆንም፤ ተመሳሳይ ስም ያለውን ሌላ ወረዳ፣ አልፎ ተርፎም ሌላ አገር ሊያመጣ ይችላል።

ሁለት ነገሮችን ይጠንቀቁ። ኬክሮስና ኬንትሮስ ቦታ ቢለዋወጡ ጅማ ብለው ያስገቡት ነጥብ ሰሜን አልጄሪያ ላይ፣ አናባ ከተማ አጠገብ ያርፋል፤ ነጥቦችዎ በሜዲትራንያን ዳርቻ ከታዩ ምክንያቱ ይህ ነውና ዓምዶቹን ያቀያይሩ። ሌላው፣ ፋይሉን በሲኤስቪ ሲያስቀምጡ ዩቲኤፍ 8 (UTF-8) የሚለውን የፊደል አመዘጋገብ ዓይነት ይምረጡ፤ አለበለዚያ የአማርኛው ጽሑፍ በጥያቄ ምልክት ይሞላል።

ካርታው የሚሰጠው የጉዞ ሰዓት ይታመናል?

ርቀቱ በአብዛኛው ይታመናል፤ ሰዓቱን ግን እንደ መነሻ ብቻ ይውሰዱት። ከአዲስ አበባ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ ጅማ የሚገባው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ መስመር ላይ የጊቤ ሸለቆ ቁልቁለትና ዳገት፣ የከብት መንጋ፣ በመንገድ ዳር የሚቆሙ ገበያዎችና ኬላዎች አሉ፤ ስሌቱ እነዚህን አያውቅም። በደረቅ ወቅት በተባለው ሰዓት ላይ ሲሶውን፣ በክረምት ደግሞ ከዚያ በላይ ጨምሮ ማቀድ ብልህነት ነው። ወደ ደኑ የሚያስገቡ የጥርጊያ መንገዶች በዝናብ ወቅት ለትንሽ መኪና የማይሆኑ ስለሆኑ፣ እነዚህን በተቆራረጠ መስመር ወይም በሌላ ቀለም ለይተው ያስምሯቸው።

መንገዱ ክፍት መሆኑንና ሰላም መሆኑን ካርታ አይናገርም። በተነሡበት ቀን ጠዋት መናኸሪያ ሄዶ ከዚያ መስመር የመጣ ሹፌር መጠየቅን የሚተካ መተግበሪያ የለም፤ ይህን ምክር በካርታው መግለጫ ላይ ጭምር ይጻፉት።

ኔትወርክ በሌለበት ካርታዬ ይሠራል?

ብዙ ሰው ቅር የሚለው እዚህ ላይ ነው። ጉግል ማፕስ የአንድን አካባቢ ካርታ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ያስችላል፤ ሆኖም በማይ ማፕስ የሠሯቸው ነጥቦችና ማስታወሻዎች ከዚያ ጋር አብረው አይወርዱም። ቤት ውስጥ በዋይፋይ ሲታይ ያማረው ካርታ ጊቤ ሸለቆ ውስጥ ወይም በበለጠ ደን መካከል ኔትወርኩ ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። እንግዳው ማስታወሻውን ከሁሉ ይበልጥ የሚፈልገው ደግሞ እዚያ ነው። ያለ ኢንተርኔት ያልተሞከረ የጉዞ ካርታ አልተጠናቀቀም ብዬ አምናለሁ።

መፍትሔው ካርታውን እንደ ፋይል አውጥቶ ወደ ሌላ መተግበሪያ ማስገባት ነው። በማይ ማፕስ ከካርታው ስም ጎን ካሉት ሦስት ነጥቦች ሥር ካርታውን ወደ ኬኤምኤል ወይም ኬኤምዜድ (የታመቀ ኬኤምኤል) የሚያወጣውን ትእዛዝ ይምረጡ። በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ መረጃው በኢንተርኔት እየታደሰ እንዲቆይ የሚያደርግ አማራጭ አለ፤ እርሱን አይምረጡ፤ ከመረጡት በፋይሉ ውስጥ የሚገባው ሊንክ ብቻ ስለሚሆን ያለ ኢንተርኔት ምንም አያሳይም። ፋይሉን በቴሌግራም ይላኩት። ተቀባዩ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ኦርጋኒክ ማፕስን ወይም ኦስምአንድ የሚባለውን፣ እንደ እርሱ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የካርታ መተግበሪያ ጭኖ የኢትዮጵያን ካርታ አስቀድሞ ያውርድ፤ ከዚያ ፋይሉን በዚያ መተግበሪያ ይክፈተው። አንዳንድ ቀለምና ምልክት ሊለወጥ ይችላል፤ ስሙና ማስታወሻው ግን ይመጣል።

ከመነሣት በፊት ያለው ፈተና ቀላል ነው። ስልኩን ከኔትወርክ ውጭ አድርገው ካርታውን ይክፈቱ፣ አንዱን ነጥብ ነክተው ማስታወሻውን ያንብቡ። ከተነበበ ካርታው ለመንገድ ዝግጁ ነው።

ካርታውን ለሌሎች እንዴት ላጋራ? ማን ምን ማየት ይችላል?

አዲስ የተሠራ ካርታ ለባለቤቱ ብቻ የሚታይ ነው። ሊንኩን ያገኘ ሁሉ እንዲያየው ሲፈቅዱ፣ የጉግል አካውንት የሌለው ሰው ሳይቀር በስልኩ ይከፍተዋል፤ ለቤተሰብ ጉዞ የሚበቃው ይህ ነው። ከዚያ አልፎ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ማለት ሰዎች በፍለጋ እንዲያገኙት መፍቀድ ነው፤ ይህን የሚመርጡት ለማንም ጎብኚ ተብሎ ለተሠራ ካርታ ብቻ ይሁን። ማረም እንዲችሉ የሚፈልጓቸውን ሰዎች ደግሞ በኢሜይል አድራሻቸው ለየብቻ ይጋብዟቸው።

ሊንክ የላኩለት ሰው ለሌላ ማስተላለፉን መከልከል እንደማይችሉ ያስታውሱ። ጉዞው ሲያልቅ የሊንክ ማጋራቱን መዝጋት ይቻላል፤ በፋይል የላኩት ግን በሰው ስልክ ላይ እንዳለ ይቀራል።

ብዙ ሰው አብሮ ሲያርመው ነጥብ ቢጠፋስ?

ማይ ማፕስ በሰነድ መጻፊያዎች ላይ እንደምናውቀው የቀደመውን ቅጂ መልሶ የሚያመጣ መዝገብ የለውም። ስለዚህ ትልቅ ለውጥ ከመደረጉ በፊት ካርታውን በፋይል አውጥተው ያስቀምጡ፤ የፋይሉ ስም ላይ ቀን ይጨምሩበት። ከሦስት በላይ አራሚ ያለው ካርታ ደግሞ ለእያንዳንዱ አንድ ሌየር ቢሰጠው ይሻላል፤ የአጋሮውን የአጋሮ ሰው፣ የቦንጋውን የቦንጋ ሰው ቢይዘው መረጃውም ይጠራል። የማደሪያውን ሌየር የሚነካው ግን አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ በየቀኑ የሚለዋወጠው እርሱ ነው።

ካርታ ላይ መቀመጥ የሌለበት ነገር አለ?

አለ። የግለሰብ መኖሪያ ቤት፣ እንግዶች የሚያድሩበት ክፍልና ቀኑ፣ የአስጎብኚ ወይም የሹፌር ስልክ ቁጥር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መግባት የለባቸውም፤ ፈቃድ ቢኖርም ለሕዝብ ይፋ በሆነ ካርታ ላይ አይሁኑ። የገበሬ የቡና ማሳ ከሰውየው ፈቃድ ውጭ የጎብኚ ነጥብ ከሆነ ማንም ሳይጠይቅ ይገባበታል፤ በለቀማ ወቅት ደግሞ ይህ ጉዳት ያመጣል። የአያትዎን ቤት ለዘመድ ማሳየት ከፈለጉ ለዘመድ ብቻ የሚላክ ሌላ ካርታ ይሥሩ።

ስማርት ስልክ ለማይጠቀም ሽማግሌ ወይም ሹፌር ምን ይደረጋል?

ማይ ማፕስ ካርታውን በኤ4 ወረቀት ልክ ወደ ፒዲኤፍ ወይም ወደ ምስል ይለውጠዋል። በአንድ ወረቀት አንድ ቀን ብቻ ያትሙ፤ በጀርባው የነጥቦቹን ስምና አስፈላጊ ስልክ ቁጥሮች በትልቅ ፊደል ይጻፉ። የስልክ ባትሪ ሲያልቅ ለሌሎቹም ይሠራል።

በካርታው ላይ መንገዱ ራሱ የለም፤ ወይም በተሳሳተ ስም ተጽፏል። ማስተካከል እችላለሁ?

በራስዎ ካርታ ላይ መስመር ስለው ለጊዜው ማለፍ ይችላሉ፤ ያ ግን የሚጠቅመው የእርስዎን እንግዳ ብቻ ነው። ለሁሉም እንዲስተካከል ከፈለጉ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ያርሙት። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የተጀመረው ይህ ካርታ ማንም ሰው አካውንት ከፍቶ የሚያርመው ነው፤ ኦርጋኒክ ማፕስም፣ ኦስምአንድም፣ ዩማፕም የሚጠቀሙት እርሱን ስለሆነ አንድ ጊዜ የገባ መንገድ ለሁሉም ይደርሳል። የአማርኛውንና የኦሮምኛውን ስም ለየብቻ የሚመዘግብ ቦታ ስላለው አንዱን ለማስገባት ሌላውን መሰረዝ አያስፈልግም።

ከጉግል ካርታ ላይ አይቶ መገልበጥ አይፈቀድም፤ የባለቤትነት መብት አለበት። በእግርዎ ሄደው በስልክዎ ጂፒኤስ የመዘገቡት መንገድና እርስዎ ራስዎ የሚያውቁት ስም ግን ሙሉ በሙሉ ይፈቀዳል። አንድ የድልድይ መፍረስ፣ አንድ አዲስ ጥርጊያ መንገድ ወይም ስም ያልተጻፈለት ሰፈር ሲያጋጥምዎ ይመዝግቡት። ከዚያ ቀጥሎ የሠሩትን የጉዞ ካርታ እንደገና ከፍተው፣ ቀድሞ በእጅ የሳሉት መስመር አሁንም ያስፈልግ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ካላስፈለገ ይሰርዙት፣ ሁለት መስመር ጎን ለጎን ሲታይ መንገደኛው ግራ ይጋባልና።